በእርግዝና ጊዜ ሜርኩሪ እና የሕፃኑ ዕድገት፦ ዓሣን ጨርሼ ልተው ወይስ ልምረጥ?

ስምንተኛ ሳምንት

ሰላም ለመድረኩ አባላት በሙሉ። የስምንት ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ፤ የመጀመሪያዬም ነው። ላለፉት ሁለት ዓመታት ለጤና ይበጃል ብዬ በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ ዓሣ ስበላ ቆይቻለሁ። አብዛኛው የታሸገ ቱና ሲሆን በወር አንድ ሁለት ጊዜ ደግሞ ሰይፍ ዓሣ ነበር። ባለፈው ሳምንት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ዓሣ ውስጥ ሜርኩሪ አለ፤ የልጅሽን አንጎል ይጎዳል» ካለችኝ ወዲህ ግን ዓሣ የሚባል ነገር አልቀመስኩም። ማታ ማታ ተቀምጬ ሳነብ አንዱ ጽሑፍ ጨርሰሽ ተዪ ይለኛል፣ ሌላው በፍጹም እንዳትተዪ ይለኛል። እስካሁን የበላሁት ልጄን ጎድቶት ይሆን? ከእንግዲህስ ምን ላድርግ? በሙያው ያላችሁ ብትመልሱልኝ ትልቅ ውለታ ነው።

የሕፃናት ሐኪም

እህቴ፣ በቅድሚያ በሰላም ያገላግልዎ። ጥያቄዎ በምርመራ ክፍሌ ደጋግሞ የሚነሣ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ሜርኩሪ የሚለው ስም ጠባያቸው የተለያየ ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ ይጠራል፤ ብዙው ግራ መጋባትም የሚመጣው ከዚህ ነው። አንደኛው በድሮው ቴርሞሜትር ውስጥ የምናውቀው፣ በአማርኛ ባዜቃ የምንለው ፈሳሽ ብረት ነው፤ ቢዋጥ አንጀት እምብዛም አይቀበለውም፣ ተንኖ ወደ ሳንባ ሲገባ ግን በቀላሉ ወደ ደም ያልፋል። ሁለተኛው የሜርኩሪ ጨዎች ሲሆኑ ከሁሉ በላይ የሚጎዱት ኩላሊትን ነው። እርስዎን የሚመለከተው ሦስተኛው፣ ሜቲል ሜርኩሪ የሚባለው ነው። ከአየር ወደ ውኃ የወረደውን ሜርኩሪ ኦክስጅን በሌለበት ደለል ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ወደዚህ ዓይነት ይለውጡታል፤ በውኃ ውስጥ ያሉ ደቃቅ ፍጥረታት ይወስዱታል፣ እነሱን ትንሹ ዓሣ ይበላቸዋል፣ ትንሹን ደግሞ ትልቁ። በየደረጃው እየተጠራቀመ ስለሚሄድ ዕድሜው የረዘመ አዳኝ ዓሣ በሥጋው የሚይዘው መጠን ከሚዋኝበት ውኃ ጋር ሲነጻጸር በሚሊዮን እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። ከጡንቻው ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ስለሚኖር ማጠብም፣ ስቡን ገፍፎ መጣልም፣ መቀቀልም፣ መጥበስም አያስወጣውም።

በዚህ መልክ የተበላው ሜርኩሪ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከአንጀት ወደ ደም ይገባል። እዚያም ሲስቴይን ከተባለው አሚኖ አሲድ ጋር ሲጣመር፣ ሜቲዮኒን የተባለውን ለሰውነት የግድ የሚያስፈልግ ሌላ አሚኖ አሲድ ይመስላል። እንግዴ ልጁ ደግሞ ሜቲዮኒንን ለፅንሱ የሚያሻግርበት የራሱ መንገድ አለው፤ መርዙ የሚገባው በዚሁ መንገድ፣ ምግብ መስሎ ነው። በዚህም ምክንያት በእትብት ደም ውስጥ የሚለካው መጠን በእናቲቱ ደም ካለው በአማካይ 1.7 እጥፍ ገደማ ሆኖ ይገኛል። ወደ አንጎልም የሚያልፈው በዚያው ብልሃት ነው። በእርግዝና ወራት የነርቭ ሴሎች ከተፈጠሩበት ሥፍራ ተነሥተው ወደ ቋሚ ቦታቸው የሚጓዙ ሲሆን ሜቲል ሜርኩሪ የሴሉን ውስጣዊ ምሰሶዎች ስለሚያፈርስ መከፋፈሉንም ጉዞውንም ያውካል። በአዋቂ ሰው ላይ ጉዳቱ ለማየትና ለሚዛን በሚያገለግሉት የአንጎል ክፍሎች ላይ ጎልቶ ይታያል፤ በፅንስ ላይ ግን ግንባታው ገና ስላላለቀ ጉዳቱ መላውን አንጎል ሊያዳርስ ይችላል።

እዚህ ላይ ግን ቆም ልበል። ይህን ያህል የከፋው ነገር የሚደርሰው በጣም ከፍተኛ በሆነ መጠን ነው። ዘወትር ዓሣ በሚበሉ እናቶች ዘንድ የሚጠረጠረው ጉዳት በአንድ ልጅ ላይ በዓይን ታይቶ የሚለይ በሽታ አይደለም፤ ብዙ መቶ ልጆች ተፈትነው ውጤታቸው በአንድነት ሲታይ ብቻ ብቅ የሚል፣ በቃላት፣ በትኩረት፣ በማስታወስና በእጅ ቅልጥፍና ላይ የሚታይ የጥቂት ነጥቦች ልዩነት ነው። ስለዚህ «ልጄን ጎድቶት ይሆን?» ለሚለው ጥያቄዎ፣ ከነገሩን አመጋገብ ተነሥቼ ጎድቶታል የምልበት ምክንያት የለኝም።

ታሪክ አንባቢ

ዶክተር ያሉት ላይ ጥቂት ልጨምር፤ እንግዴ ልጅ ጋሻ አለመሆኑ የታወቀው በውድ ዋጋ ነውና። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በደቡባዊ ጃፓን፣ ሚናማታ በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ፣ ቺሶ የተባለው ኩባንያ ከ1932 እስከ 1968 ድረስ በሜርኩሪ እየታገዘ አሴታልዴሃይድ የተባለ ኬሚካል ሲያመርት ዝቃጩን ወደ ባሕር ይለቅ ነበር። በሽታው በይፋ የተመዘገበው በ1956 ነው፤ ከሰው በፊት ግን ድመቶች እየተወራጩ ሲሞቱ ታይተዋል። በ1961 ማሳዙሚ ሐራዳ የተባሉ ወጣት ሐኪም መንደሩን ሲዞሩ በአንድ ቤት ሁለት ወንድማማቾችን ያገኛሉ። የሁለቱም ምልክት አንድ ሆኖ ሳለ ታላቁ የሚናማታ በሽተኛ ተብሎ ተመዝግቧል፤ ታናሹ ግን ዓሣ በልቶ ስለማያውቅ ሕመሙ ሴሬብራል ፓልሲ፣ ማለትም በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ እክል ነው ተብሏል። እናትየው ልዩነቱን አልተቀበለችውም፤ ታናሹን በፀነሰች ጊዜ ዓሣውን የበላችው እሷ ነበረችና። የጊዜው የሕክምና ትምህርት እንግዴ ልጅ መርዝ አያሳልፍም ይል ስለነበር የሚሰማት አላገኘችም። በሞቱ ሕፃናት ላይ የአስከሬን ምርመራ ከተደረገ በኋላ በ1962 የእነዚህ ልጆች ሕመም ከእናት የተላለፈ መመረዝ መሆኑ ታወቀ። ብዙዎቹ እናቶች ራሳቸው የነበረባቸው ምልክት እጅግ ቀላል ነበር፤ አንዳንዶቹም ጭራሽ አልነበረባቸውም።

እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ከዚያ የቀጠለው ነው። በጃፓን የተወለደ ልጅን እትብት አድርቆ በትንሽ የእንጨት ሣጥን ማኖር የቆየ ልማድ ነው። ተመራማሪዎች ከዓመታት በኋላ እነዚያን ሣጥኖች ከየቤቱ ሰብስበው የደረቀውን እትብት ሲለኩ፣ የሜቲል ሜርኩሪው መጠን ፋብሪካው ብዙ ባመረተባቸው ዓመታት በተወለዱት ልጆች ላይ ከፍ ብሎ ተገኘ። ማንም ለምርመራ ብሎ ያላስቀመጠው መዝገብ ነበር።

ሁለተኛው ኢራቅ ነው። በ1971 መጨረሻ ለዘር የመጣ ስንዴና ገብስ ከሻጋታ እንዲጠበቅ በሜቲል ሜርኩሪ የታሸ ነበር፤ ለማስጠንቀቂያም ቀለም ተቀብቷል፣ በከረጢቱም ላይ ገበሬዎቹ በማያነቡት ቋንቋ ተጽፎበታል። እህሉ ሲታጠብ ቀለሙ ይለቃል፤ ቀለሙ ከለቀቀ መርዙም የለቀቀ መስሏቸው ጋገሩት። 6,530 ሰዎች ሆስፒታል ገብተው 459ኙ እዚያው ሞቱ። ከነዚያ እናቶች የተወለዱት ልጆችም ለመራመድና ለመናገር ዘግይተዋል።

ጥርጣሬ አያስወቅስም

የተጻፈውን በአክብሮት አንብቤያለሁ፤ ግን ሁለቱም ምሳሌዎች የጅምላ መመረዝ ናቸው። የፋብሪካ ዝቃጭና በመርዝ የታሸ እህል ከተራ የዓሣ ምግብ ጋር ምን ያገናኛቸዋል? ከ1989 ጀምሮ በሲሸልስ ደሴቶች 779 እናቶችና ልጆች ተመዝግበው ለዓመታት ክትትል ተደርጎላቸዋል። እናቶቹ በአማካይ በሳምንት 12 ጊዜ የባሕር ዓሣ የሚበሉ ሲሆን በፀጉራቸው የተለካው ሜርኩሪ በአማካይ 6.8 ማይክሮግራም (ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው) በግራም ነበር፤ ይህ ዓሣ እምብዛም በማይበላበት አገር ከሚገኘው ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ልጆቹ በተደጋጋሚ ተፈትነው ወጥ የሆነ ጉዳት አልተገኘባቸውም። አንዲትን ነፍሰ ጡር እንቅልፍ ከመንሣታችን በፊት ይህንንም ልንነግራት ይገባል ባይ ነኝ።

የሕብረተሰብ ጤና

ወንድሜ፣ ሲሸልስን ማንሣትዎ ተገቢ ነው፤ ሲሸልስ ከተነሣ ግን ፋሮ ደሴቶችም መነሣት አለባቸው፤ የሁለቱ ጥናቶች አለመስማማት ሙያውን ለዓመታት ያከራከረ ነውና።

በሰሜን አትላንቲክ በሚገኙት የፋሮ ደሴቶች በ1986 እና በ1987 የተወለዱ 1,022 ልጆች ሲመዘገቡ የእትብት ደማቸው ተወስዷል። ሰባት ዓመት ሲሞላቸው 917ቱ ተፈተኑ። ከፈተናዎቹ አንዱ ሥዕል እያሳዩ ስሙን ማስጠራት ነበር። በእትብት ደማቸው ብዙ ሜርኩሪ የነበረባቸው ልጆች በዚህ ፈተና፣ በትኩረትና በማስታወስ በአማካይ ዝቅ ብለው ተገኙ። የሚገርመው የፋሮ እናቶች የፀጉር ሜርኩሪ 4.3 ማይክሮግራም በግራም ገደማ፣ ማለትም ከሲሸልሶቹ ያነሰ መሆኑ ነው። ባነሰ መጠን ጉዳት ሲገኝ በበለጠው አለመገኘቱ እንዴት ይሆናል?

ምላሹ አንድ ብቻ አይደለም። የፋሮ ሰዎች ሜርኩሪውን በዋናነት የሚያገኙት ከዓሣ አልነበረም፤ ፓይለት ዌል ከሚባለው ዓሣ ነባሪ ሥጋ ነበር፤ የሚበሉትም አደን ሲኖር በብዛት፣ በሌለ ጊዜ ደግሞ በጥቂቱ ነው። በዓሣ ነባሪው ስብ ውስጥ ፒሲቢ የሚባሉ ሌሎች ብክለቶችም አሉ፤ ተመራማሪዎቹ እሱን ቀንሰው ሲያሰሉ የሜርኩሪው ድርሻ አነሰ እንጂ አልጠፋም። ሲሸልሶች በአንጻሩ ቀን በቀን ዓሣ ስለሚበሉ ከሜርኩሪው ጋር ለአንጎል ግንባታ የሚያስፈልጉትን ኦሜጋ 3 የስብ አሲዶችና ሴሌኒየምን አብረው ያገኛሉ። ይህ ግምት ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ በዚያው በሲሸልስ ከ2001 ጀምሮ በተመዘገቡ ሌሎች እናቶችና ልጆች ላይ የእናቶቹ የስብ አሲዶች አብረው ሲለኩና በስሌቱ ሲገቡ፣ በ30 ወር ዕድሜ በተደረገው የእንቅስቃሴ ፈተና የሜርኩሪው ጎጂ ጎን ብቅ ብሏል። የዓሣው ጥቅም ሸፍኖት ነበር ማለት ነው።

ይህን ከሁሉ አጥርቶ ያሳየኝ አንድ ትንሽ ጥናት ነው። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ 135 ሕፃናት በስድስት ወራቸው ተፈተኑ። ሕፃኑ በወላጁ ጭን ላይ ተቀምጦ የሰው ፊት ፎቶግራፍ ይታየዋል፤ ቀጥሎ ያ ያየው ፊትና አንድ አዲስ ፊት ጎን ለጎን ይቀርቡለታል። የመጀመሪያውን የሚያስታውስ ሕፃን ዓይኑን በአዲሱ ላይ ያቆያል። እናቲቱ በእርግዝናዋ በሳምንት አንድ ጊዜ ዓሣ በጨመረች ቁጥር የልጁ ውጤት 4 ነጥብ ከፍ አለ፤ በፀጉሯ ያለው ሜርኩሪ በግራም 1 ማይክሮግራም በጨመረ ቁጥር ደግሞ 7.5 ነጥብ ዝቅ አለ። ከፍተኛውን ውጤት ያመጡት በሳምንት ከሁለት ጊዜ በላይ ዓሣ የበሉ፣ ነገር ግን የፀጉራቸው ሜርኩሪ ዝቅተኛ የነበረ እናቶች ልጆች ናቸው። የጠያቂዋ ሁለት ጽሑፎች ሊጣረሱባት የቻሉት እያንዳንዳቸው ግማሹን እየነገሯት ስለነበር ነው።

ፍርሃትም የራሱ ዋጋ እንዳለው መርሳት አይገባም። በ2001 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ነፍሰ ጡሮችን ስለ ሜርኩሪ ካስጠነቀቀ በኋላ በዚያው በማሳቹሴትስ የሚከታተሏቸው ሴቶች አትብሉ የተባሉትን ጥቂት ዓሦች ብቻ ሳይሆን ዓሣን በጠቅላላ ቀነሱ። በ2007 የታተመውና ወደ 12,000 የሚጠጉ እናቶችን ያካተተው የእንግሊዝ ጥናት ደግሞ በእርግዝና ዓሣ ጨርሰው ያልበሉ እናቶች ልጆች በስምንት ዓመታቸው በቃል ችሎታ ፈተና ከታችኛው ሩብ የመውደቅ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል።

የሁለት ልጆች እናት

ሁላችሁም የምትሉት ገብቶኛል፤ ግን በዓሣው ላይ ሜርኩሪ አለበት የለበትም የሚል ጽሑፍ የለም። እኔ ቆሜ የምመርጠው በምን አውቄ ነው?

ቤተ ሙከራ

እህቴ፣ ጥያቄው የቁጥር ስለሆነ በቁጥር ልመልስ። ሥራዬ በየቀኑ ሜርኩሪ መለካት ነው።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት በቀን ለአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 0.1 ማይክሮግራም ሜቲል ሜርኩሪ ይፈቅዳል። ክብደቷ 60 ኪሎ ግራም ለሆነች ሴት በቀን 6፣ በሳምንት 42 ማይክሮግራም ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅት የጋራ ኮሚቴ በ2003 ያስቀመጠው ላላ ያለ ነው፤ በሳምንት ለአንድ ኪሎ ግራም 1.6 ማይክሮግራም፣ ለዚህችው ሴት 96። ጥብቁን ይዘን እንሂድ።

በአሜሪካ ገበያ በተሰበሰቡ ናሙናዎች ሰይፍ ዓሣ በአማካይ በአንድ ግራም 0.995 ማይክሮግራም ይዟል። አንድ ጊዜ 150 ግራም መብላት 149 ማይክሮግራም ያስገባል፤ የሦስት ሳምንት ተኩል ድርሻ በአንድ ሳህን አለቀ ማለት ነው። አልባኮር የሚባለው ነጩ የታሸገ ቱና በግራም 0.350 ስለሆነ ያው 150 ግራም 52 ማይክሮግራም አካባቢ ይሆናል፤ የሳምንቱን ድርሻ ጥቂት ያልፋል። ላይት የሚባለው የታሸገ ቱና ግን 0.126 ነው፤ 19 ማይክሮግራም ገደማ። ሳልመን 0.022፣ ሰርዲን 0.013 ብቻ ነው፤ 150 ግራም ሰርዲን የሚያስገባው 2 ማይክሮግራም ነው። በሰይፍ ዓሣና በሰርዲን መካከል ያለው ልዩነት ከ70 እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ጽሑፍ ባይኖርበትም የዓሣው ዓይነት ራሱ ብዙ ይነግርዎታል፦ ሻርክ፣ ሰይፍ ዓሣ፣ ማርሊን፣ ትልቁ ኪንግ ማከሬል እና ትልቅ ዓይን ያለው ቢግአይ ቱና ይቅሩ፤ ዕድሜው አጭር፣ አካሉ ትንሽ የሆነውን ይምረጡ። በእርግዝና የሚመከረው መጠን ከነዚህ ሜርኩሪ ከሚያንስባቸው በሳምንት ከ227 እስከ 340 ግራም ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ማለት ነው።

ይህ ወሰን የገደል አፍ አለመሆኑም ይታወቅ። የተሰላው ከፋሮ ጥናት ተነሥቶ በእትብት ደም በሊትር 58 ማይክሮግራም ላይ ሲሆን እሱም ለጥንቃቄ በ10 ተካፍሏል። አንድ ቀን ያለፈች ሴት ከጥንቃቄው ቀነሰች እንጂ ወደ ጉዳት ገባች አይባልም። የሚያስጨንቀው ለወራት የሚደጋገመው ነው፤ ሜቲል ሜርኩሪ ከደም በግማሽ ለመቀነስ 50 ቀን ገደማ ይፈጅበታልና። ለማርገዝ የሚያስቡ ሴቶችም ምርጫውን ቀደም ብለው ቢጀምሩ የሚባለው ለዚህ ነው።

ነርስ

ዓሣው ላይ ብቻ አተኩረን ቤት ውስጥ ያለውን እንዳንረሳው። በምሠራበት ክፍል አንድ የመስታወት ቴርሞሜትር ወድቆ ሲሰበር አንዲት አዲስ የጽዳት ሠራተኛ ሮጣ በመጥረጊያ ጠረገችው። ባዜቃው እንደ ብር ዶቃ ተበታትኖ በወለሉ ንጣፍ ስንጥቅ ውስጥ ገባ፤ ትልቁ ጠብታ መቶ ሆነ። ብዙ በተከፋፈለ መጠን ብዙ ይተናል፤ ትነቱም ሽታ የለውም። በክፍሉ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር የሆነች ባልደረባችን ስለነበረች ወዲያው አስወጣናት፤ ይህ ትነት እንደ ሜቲል ሜርኩሪው ሁሉ እንግዴ ልጁን ያልፋልና። መስኮቱን ከፍተን፣ በሩን ዘግተን፣ ጓንት አጥልቀን ጠብታዎቹን በሁለት ጠንካራ ካርድ እየገፋን አሰባሰብናቸው፤ የቀሩትን ደቃቆች በሚያጣብቅ ፕላስተር እየነካን አነሣንና ክዳን ባለው ዕቃ አሸግናቸው። መጥረጊያውም አብሮ ተጣለ። በኤሌክትሪክ መጥረጊያ መምጠጥ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ሙቀቱ አትንኖ በክፍሉ ይረጨዋል።

ሌላው ቆዳ የሚያነጡ ቅባቶች ናቸው። አንዳንዶቹ የሜርኩሪ ጨው አለባቸው፤ ቆዳን የሚያጠቁረውን ሜላኒን መሥራት ስለሚያግድ ነው የሚጨመረው። በጥቅሉ ላይ ካሎሜል፣ ሜርኩረስ ክሎራይድ ወይም አሞኒየትድ ሜርኩሪ የሚል ካለ አይንኩት፤ ምንም ያልተጻፈበትም ቢሆን ምንጩ ካልታወቀ አያስተማምንም። በ2013 የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት ከ2020 በኋላ በግራም ከ1 ማይክሮግራም በላይ ሜርኩሪ ያለበት ቅባት እንዳይመረት ከልክሏል፤ ሽያጩ ግን አልቆመም። የሚቀባው ሰው ብቻ አይደለም የሚነካው፤ በፎጣ፣ በትራስ ልብስና በእጅ ወደ ሕፃኑም ይሄዳል።

አባት ልሆን ነው

ይቅርታ፣ ከርእሱ ብዙ አልራቅኩም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ባለቤቴ ክትባት ውስጥ ሜርኩሪ አለ፣ ኦቲዝም ያመጣል የሚል ሰምታ ለልጃችን ላለማስከተብ እያሰበች ነው። ምን ልበላት?

የሕፃናት ሐኪም

አልራቁም። ቲሜሮሳል የሚባለው በአንዳንድ ባለብዙ መጠን የክትባት ጠርሙሶች ውስጥ ጀርም እንዳይበቅል የሚጨመር ሲሆን የያዘው ኤቲል ሜርኩሪ ነው። ስሙ ቢቀራረብም ሰውነት የሚይዘው በሌላ መንገድ ነው፤ ሜቲሉ 50 ቀን የሚፈጅበትን ኤቲሉ በሳምንት ገደማ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ከደም በግማሽ ይቀንሳል። ባለአንድ መጠን ጠርሙሶች በአብዛኛው ጭራሽ የላቸውም። በበርካታ አገሮች በብዙ መቶ ሺህ ልጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከኦቲዝም ጋር ግንኙነት አላገኙበትም። ልጁን ያስከትቡት።

ስምንተኛ ሳምንት

የጻፋችሁልኝን ሁሉ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከጻፍኩ ወዲህ አሥር ሳምንት ሆኖኛል። ሰይፍ ዓሣና ነጩን ቱና ትቼ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሰርዲን ወይም ሳልመን እየበላሁ ነው። ሐኪሜ ስትረጋጊ ይሻላል ብላ ፀጉሬን አስመርምራልኛለች። ከራስ ቅሉ የተነሣው የመጀመሪያ ሴንቲ ሜትር 0.9፣ ሁለተኛው 1.3፣ ሦስተኛው 1.6 ማይክሮግራም በግራም ተብሎ መጥቷል። አንድ ሰው 1 ነው ወሰኑ ሲለኝ እንደገና ደነገጥኩ። ከሰውነቴ ፈጥኖ የሚያወጣ መድኃኒትስ የለም? ጡት ማጥባትስ?

ቤተ ሙከራ

እህቴ፣ ውጤቱ ቆንጆ ነው፤ ላንብብልዎ። ፀጉር በወር ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ያድጋል፤ ሲበቅል በደም ውስጥ ያለውን ሜርኩሪ ይዞ ስለሚወጣ እንደ ቀን መቁጠሪያ ነው። ለዚህ ነው ከማጅራት አካባቢ እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለው ጭብጥ ከሥሩ ተጠግቶ የሚቆረጠው፤ በጥጥ ክር ይታሰርና የሥሩ ጫፍ ምልክት ይደረግበታል። ምልክቱ ከጠፋ ጫፉና ሥሩ ስለማይለይ የወሩ ቅደም ተከተል ይገለበጣል። የእርስዎ ሦስተኛው ሴንቲ ሜትር ዓሣውን ከመቀየርዎ በፊት ያለውን ጊዜ ይናገራል፣ የመጀመሪያው የቅርቡን። ከ1.6 ወደ 0.9 መውረዱ 50 ቀን ካልኩት ጋር ይስማማል። 1 የሚባለው ደግሞ በፊት የነገርኳችሁ ጥብቅ ወሰን በፀጉር ሲተረጎም የሚሰጠው ቁጥር ነው፤ በ10 ከተካፈለ በኋላ ያለው። የሲሸልስ እናቶች አማካይ 6.8 እንደነበር ያስታውሱ።

የሕፃናት ሐኪም

መድኃኒቱን በተመለከተ፣ ከባድ ብረቶችን ከደም የሚያስወጡ መድኃኒቶች አሉ፤ ለከባድ መመረዝ በሆስፒታል ውስጥ የሚሰጡ ናቸው እንጂ በእርስዎ መጠን ላለች ነፍሰ ጡር አይታዘዙም፤ ከሜርኩሪው ጋር ዚንክና ሌሎች ጠቃሚ ማዕድናትንም ሊያጥቡ ይችላሉ። ሜርኩሪ ያጸዳሉ ተብለው የሚሸጡ ዕፀዋትና ዱቄቶችንም አይሞክሩ። ጡቱን ያጥቡ። ሜቲል ሜርኩሪ ወደ ወተት የሚያልፈው ወደ እንግዴ ልጅ ከሚያልፈው እጅግ ባነሰ መጠን ነው፤ አሁን የጀመሩትን የዓሣ ምርጫ ግን በጡት ማጥቢያውም ጊዜ ይቀጥሉበት። ልጁ ሲወለድ ለማንኛውም ሕፃን የሚደረገው የዕድገት ክትትል ይበቃዋል፦ ድምፅ ሲሰማ መዞሩ፣ መቀመጡ፣ በዘጠኝ ወር አካባቢ ትንሽ ነገር በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ማንሣት መጀመሩ፣ በዓመቱ አካባቢ የመጀመሪያ ቃሎቹ። የሚዘገይ ነገር ካለ የፀጉሩን ወረቀት ምክንያት አድርጋችሁ ሌላውን ሳትፈትሹ እንዳትቀሩ፤ መስማትን፣ የደም ማነስን፣ አዮዲንንና እርሳስ የተባለውን ብረት ማየት ይቀድማል፤ በምርመራ ክፍሌ ከሜርኩሪ ይልቅ ደጋግሜ ያገኘሁት እነሱን ነው።

ቤተ ሙከራ

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ወረቀቱን ለሐኪምዎ ሲያስቀምጡ ፀጉሩ የተቆረጠበትን ቀንና ያን ቀን ስንተኛ ሳምንት ላይ እንደነበሩ በእጅዎ ይጻፉበት። የእኛ ማሽን ቀኑን አያትምም፤ ያለ ቀን ደግሞ 1.6ቱ የትኛውን ወር እንደሚናገር በኋላ የሚያነበው ሰው ሊያውቅ አይችልም።